«ልጅ አይቆጠርም» ይሉ ለነበሩት ለእትዬ ጥሩወርቅ

እትዬ ጥሩወርቅ አረፉ።

ወሬውን ያደረሰችኝ ልጄ ሶስና ናት። መስተዋት ፊት ቆሜ ጢሜን እየተላጨሁ ነበር፤ የቀኝ ጉንጬ አልቆ ግራው ቀርቷል። «አባዬ፣ እትዬ ጥሩ አረፉ» ስትለኝ ምላጩን አስቀመጥሁና እንደዚያው ወደ ልቅሶው ሄድሁ። ድንኳኑ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እኔን አይቶ፣ ሳቁን ውጦ፣ ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰው። እሳቸው ቢያዩኝ ግን ሳቃቸውን አይውጡትም ነበር። «ጓድ ቆጣሪ፣ ያኛውን ጉንጭህን ለማን ተውህለት?» ይሉኝ ነበር።

ጓድ ቆጣሪ እኔ ነኝ። ስሙን ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። ለምን እንዳወጡልኝ ለመናገር አርባ ዓመት ፈጅቶብኛልና፣ እናንተም ጥቂት ገጽ ብትታገሡኝ ብዙ አይደለም።

በባሕር ዳር የፋብሪካ ሠራተኞች መንደር በደርግ ዘመን ልጅ ያሳደግን ሁሉ እትዬ ጥሩወርቅን እናውቃቸዋለን። የዘጌ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ቡናና እንጨት በታንኳ ያመላልሱ ነበር። እሳቸው በመንደራችን መዋዕለ ሕፃናት ልጅ ጠባቂ ሆነው ገቡ፤ ዝናቸው ግን የወጣው በልደት ነው። ከየአገሩ ደመወዝ ያሰባሰበን፣ ጎረቤት እንጂ ዘመድ የሌለን ሰዎች ነበርን። የልጅ ልደት ማክበርም ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር ነበርና፣ ዳቦ ቆርሰን ከረሜላ ካደልን በኋላ ምን እንደምናደርግ አናውቅም። አባቶች ጥግ ይዘን ስለ ስኳር ኮታ እናወራለን፤ ልጆቹ ይደባደባሉ። ልደቱ ልደት የሚሆነው እትዬ ጥሩወርቅ ሲገቡ ነው።

ሎሚ በማንኪያ አስይዘው ያሯሩጣሉ፤ ጆንያ ውስጥ ከተው ያዘልላሉ፤ ካርቶን ላይ አህያ ሥለው የልጁን ዓይን በመሐረብ ይሸፍኑና ጭራዋን ያስለጥፋሉ። አንድ ቀን እኔም ተሸፍኜ ጭራዋን የቀበሌው ሊቀመንበር ጀርባ ላይ ለጠፍሁት። ልጆቹ ሳቁ፤ ሊቀመንበሩም ሳቀ። እኔ ግን ለሳምንት ያህል በር በተንኳኳ ቁጥር ጫማዬን አጥልቄ ነበር የምከፍተው።

በወንበር ጨዋታ ጊዜ፣ ካሴቱ ሲቆም መቀመጫ ያጣውን ልጅ «ተሸነፈ» ማለት በእሳቸው ፊት ክልክል ነው። «በልደት ቀን የሚሸነፍ ልጅ የለም፤ አረፈ በሉ» ይሉን ነበር። ያረፈው ልጅ ከአጠገባቸው ሄዶ ለቀሩት ያጨበጭባል። በዚህ ምክንያት መንደራችን ውስጥ በልደት ላይ ያለቀሰ ልጅ አላስታውስም፤ ከአባቶች ግን አንድ ሁለት ነበሩ።

ደግነታቸውን ከነገርሁ አንዱን ልንገር። አንድ ጎረቤታችን ታሠረ። በዚያ ዘመን የታሠረ ሰው ደጅ ሣር ይበቅልበት ነበር፤ ሰላምታ እንኳ ከሩቅ ነው። የልጁ ልደት ሲደርስ እናቲቱ ዳቦ ጋግራ ጠበቀች፤ ማንም አልሄደም። እኔም አልሄድሁም፤ ራስ ምታት ያዘኝ ብዬ ነበር፤ ራሴ በዚያ ዘመን በሚመቸኝ ሰዓት ይታመም ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ በጠራራ ፀሐይ ከቤት ቤት እየዞሩ ልጆቻችንን ሰበሰቡ። ረጅም ገመድ አስይዘው በመንደሩ መካከል ሲያልፉ አንዱ የጥበቃ ጓድ አስቆማቸው።

«እትዬ፣ ወዴት ነው?»

«ልደት።»

«የማን ልደት እንደሆነ ያውቃሉ?»

«የልጁ ነዋ! የአባቱ ክስ በዳቦው ላይ አይቆረስም። ና አንተም፣ ገመዱን ያዝ፤ ጅራቱ ላይ ሰው ይጎድለኛል።»

ያዘ ይባላል። እኔ በመስኮት ነው ያየሁት፤ ራሴን እያሻሸሁ።

አሁን ወደ አምባሩ ልምጣ። ጨዋታ ከመጀመራቸው በፊት ልጆቹን ያሰልፉና፣ ጣና ዳር ከሚበቅለው ከደንገል ልጥ የተጎነጎነ አምባር ለእያንዳንዱ ያሥሩለታል። ልጁ እጁን ይዘረጋል፣ አንጓውን ወደ ሰማይ ያደርጋል፣ ይጠብቃል፤ እሳቸው ስሙን ጠርተው ያሥራሉ። ጨዋታው ሲያበቃ አምባሮቹን ይሰበስባሉ። የሰጡትና የተቀበሉት ከገጠመ ልጆቹ ሁሉ አሉ ማለት ነው። «ልጅ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ደንገሉ ነው» ይሉ ነበር። ይኸ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልጅና ከብት በጣት መቁጠር ክፉ ይጠራል ስትል እናቱን ያልሰማ የለም። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። ዐሥር ልጆች ካሉ ዐሥራ አንድ አምባር ይጎነጉናሉ። ትርፉ ለማን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ለቀረው» አሉኝ። ማን እንደቀረ አልነገሩኝም።

እኔ ያን ጊዜ የፋብሪካው መለዋወጫ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርሁ። ቀኑን ሙሉ ኩሽኔታ እቆጥራለሁ፣ ቡሎን እቆጥራለሁ፣ ቺንጊያ እቆጥራለሁ። በዚያ ላይ የመንደሩ የውይይት ክበብ ሊቀመንበር ነበርሁ። ዱርቤቴ ተወልዶ፣ እናቱ ቡዳ እንዳይበላው አንገቱ ላይ ክታብ አሥራለት ያደገ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ሳይንሳዊ ሆነ። ክታቡን አውልቄዋለሁ፤ አልጣልሁትም እንጂ። ለማንኛውም ብዬ የኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነበር።

ታዲያ አንድ እሑድ በክበቡ ተነሥቼ «በሕፃናታችን እጅ ላይ የሚታሠረው ደንገል የአድሃሪ አስተሳሰብ ሰንሰለት ነው» ብዬ ተናገርሁ። ዓረፍተ ነገሩን ሦስት ቀን ነበር የተለማመድሁት። ተጨበጨበልኝ። አምባሩ ተከለከለ። እትዬ ጥሩወርቅ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ሲወጡ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ጥሩ ተናገርህ ወንድሜ፤ ጉልበትህ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር» አሉኝ።

ወር ሳይሞላ የሶስና ሰባተኛ ልደት ደረሰ። ባለቤቴ አበበች «እትዬ ጥሩ ካልመጡ ዳቦውን አንተው ብላው» አለችኝ። ሄጄ ለመንኋቸው።

«እመጣለሁ» አሉ።

«አምባር ግን የለም እትዬ። እኔ እቆጥራለሁ።»

«እንዳልህ። አንተ ቁጠር፣ እኔ ላጫውት። ጓድ ቆጣሪ!»

ስሙ የወጣልኝ ያን ቀን ነው።

ልደቱን ያከበርነው ከመንደሩ በታች፣ ጣና ዳር፣ ትልቁ ዋርካ ሥር ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐይ አለ፣ ነፋስ የለም። ውኃው ዝም ብሏል፤ ደንገሉ አንድም ጫፍ ሳይነቃነቅ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሻማ ስላልተገኘ ዳቦው ላይ ሰባት ጧፍ ሰክተናል። ልጆቹን አሰለፍሁና ጣቴን ቀስሬ ቆጠርኋቸው። ከሶስና ጋር ዐሥራ ሦስት። እትዬ ጥሩወርቅ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ቆሙ። «ተው፣ በጣትህ አትጠቁማቸው፤ እዚህስ ተው» አሉኝ ቀስ ብለው። እኔም ለሕዝቡ ትምህርት ይሆን ዘንድ ቆጠራውን ጮክ ብዬ ደገምሁት።

ወንበሩም ሎሚውም አልቆ ልጆቹ «ኩኩሉ! ኩኩሉ!» አሉ። እንደምታውቁት ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ» ይላል፤ የሚደበቁት «አልነጋም» ይላሉ፤ ተደብቀው ሲያበቁ «ነጋ» ይሉና ፍለጋው ይጀመራል። «የባለልደቷ አባት ይፈልግ!» ተባለ። ግንባሬን ዋርካው ላይ አስደግፌ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም!» አሉ ሁሉም፣ ከጀርባዬ።

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም!» ራቅ ብለው፣ ተበታትነው።

«ኩኩሉ!»

«ነጋ!»

ዓይኔን ልገልጥ ስል፣ ከደንገሉ በኩል አንድ ድምፅ ብቻውን፣ ሳይቸኩል «አልነጋም» አለ።

«አንዱ ሰነፍ ገና መደበቂያ ይፈልጋል» ብዬ ሳቅሁ።

አንድ በአንድ ከየቁጥቋጦው፣ ከየድንጋዩ ሥር እያወጣሁ ዋርካው ጥላ ውስጥ አሰለፍኋቸው። መጨረሻ ላይ እንደ ልማዴ ጣቴን ቀስሬ በልቤ ቆጠርሁ። ዐሥራ ሦስት።

«ሞልተዋል! ዳቦው ይቆረስ!» አልሁ።

አበበች ቢላዋውን እንደያዘች ሰልፉን አየች። «ሶስና የታለች?»

«አለች። ሞልተዋል አልሁሽ እኮ።»

«የታለቻ ታዲያ?»

አየሁ። ሶስና የለችም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የሰው ልብ ይቆማል ይባላል። የእኔ አልቆመም፤ መቁጠር ነው የጀመረው። ከፊት ወደ ኋላ ቆጠርሁ፤ ከኋላ ወደ ፊት ቆጠርሁ። ዐሥራ ሁለት።

እትዬ ጥሩወርቅ አልጮኹም። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። አምባሮቹ እዚያ ተቋጥረው ነበር፤ የክበባችንን ውሳኔ ጥሰው ነው የመጡት። ስም እየጠሩ ማሠር ያዙ፤ እጃቸው ፈጣን፣ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነው። ልጆቹም ጨዋታው የቀጠለ መስሏቸው አንጓቸውን ዘረጉ። የመጨረሻውን ልጅ አሠሩና ቆሙ። ከእሱ ቀጥሎ ባዶ ቦታ ነበር። በዚያ በደረቅ ወር እዚያች ቦታ ላይ ሣሩ ርጥብ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ አዩት፤ እኔንም አዩኝ። እጃቸው ላይ ሁለት አምባር ቀርቷል። ሁለቱንም እንደያዙ፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ ወደ ውኃው ገቡ።

እኔ ዋና አልችልም። ጣና ዳር ስንት ዓመት ኖሬ ከጉልበቴ በላይ ገብቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም ጭቃው ሁለቱንም ጫማዬን ነጥቆ እዚያው ተከለኝ። እሳቸው እስከ ደረታቸው ገቡ። ቦታው ጉማሬ የሚመላለስበት መንገድ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ደንገሉን በሁለት እጃቸው ከፈሉና «ኩኩሉ» አሉ። አልጮኹም፤ ሕፃን የሚያስተኙ ነው የሚመስሉት።

አንድ እርምጃ ጨመሩ።

«ኩኩሉ።»

«አልነጋም» አለች ሶስና፣ ከሩቅ።

«ነግቷል ልጄ። ነግቷል። ይበቃል።»

ሶስና ግማሹ የበሰበሰ አሮጌ ታንኳ ውስጥ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ታንኳው ከደንገሉ ተላቆ ፊቱን ወደ ሰፊው ውኃ አዙሯል። ጫፉን ይዘው ጎተቱት። ሲወጡ ልጄ አንገታቸውን አቅፋለች፤ አምባሯ እጇ ላይ ታሥሯል። ሁለተኛው አምባር እጃቸው ላይ አልነበረም።

«ምነው ዝም አልሽ? ነጋ ሲባል አልሰማሽም?» አለቻት አበበች፣ ቀሚሷን እየጨመቀች።

«ሰማሁ። ከዚያ አንዱ አልነጋም አለ። አጠገቤ ነው ያለው። ስለዚህ ጠበቅሁ።»

«ማነው ያለው?»

«እንዳልያዝ ጎንበስ ብዬ ነበር። አላየሁትም።»

ልጆቹን ጠየቅን። ማንም አላልሁም አለ።

እትዬ ጥሩወርቅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ልብሳቸው እስኪደርቅ ነገሩኝ። «ትንሽ ሆኜ አባቴ ከዘጌ በታንኳ ይዘውን መጡ፤ አምስት ልጆች ነበርን። ታናሼ ደሴ ስድስት ዓመቱ ነው። እሳቸው ዕቃ ሲያራግፉ እኛ እዚህ ደንገል ውስጥ ኩኩሉ ተጫወትን። መሄጃችን ሲደርስ አባቴ በጣታቸው ቆጠሩን። አምስት። ሞልተዋል ብለው ቀዘፉ። ዘጌ ስንደርስ ደሴ የለም። አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ‹አምስት ቆጥሬያለሁ› እንዳሉ ኖሩ። አገሩ ሁሉ ልጁን ረስቶ የቀዘፈ ውሸታም አላቸው። እናቴም አላመነቻቸው። እኔም አላመንኋቸው።»

ከዚያ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ቅድም ሞልተዋል ስትል፣ ስንት ቆጥረህ ነው?»

ሦስት የክበቡ አባላት ከአጠገባችን ቆመው ነበር። በዚያ ላይ የሚጠየቀው ማን ነው? እኔ፤ ሳይንሳዊው።

«አልቆጠርሁም እትዬ» አልሁ። «እንዲያው አየት አድርጌ ነው።»

አንዲት ቡሎን ብትጎድል እንቅልፍ የማይወስደው ሰው፣ ልጆቹን ሳይቆጥር ሞልተዋል ያለ አባት መባልን መረጠ፤ የሌለ ልጅ የቆጠረ ሊቀመንበር ከሚባል። እትዬ ጥሩወርቅ ፊታቸው ላይ ያበራ የነበረው ነገር ሲጠፋ አየሁ። «እህ» አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ጨመቁ።

ከዚያ በኋላ አምባሩ ተመለሰ። ውሳኔውን የሻረው የለም፤ ሊቀመንበሩ ዝም አለ፣ ሰውም ረሳው። በየልደቱ ሲያሥሩ ያዩኝና «ጓድ ቆጣሪ፣ እውነት አልቆጠርህም?» ይሉኛል። እኔ እቀልዳለሁ፤ እሳቸው ይስቃሉ፤ ስቀው ግን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ቶሎ አያነሡም። ደርግ ወደቀ፤ ክበቡ ፈረሰ፤ ልጆቹ ልጆች ወለዱ። የምፈራው ሰው አንድም አልቀረም። አፌ ግን ለቀልድ እንጂ ለእውነት አልከፈት ማለት ለምዶ ነበር።

ሊያርፉ ጥቂት ሲቀራቸው ልጠይቃቸው ሄድሁ። አልጋቸው ሐይቁን በሚያሳይ መስኮት ሥር ነው።

«ቆጣሪ» አሉኝ። ጓድነቱ ከደርግ ጋር ሄዷል። «አሁንስ?»

አፌን ከፈትሁ። «አሁን የምቆጥረው ጥርሴን ነው እትዬ፤ እሱም አራት ነው» አልሁ። ሳቁ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሚመጣው እሑድ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወጣሁ። እሑድ ሦስት ቀን ሲቀረው ሶስና መስተዋቱ ዘንድ መጣች። ዕድሜዬን ሙሉ ስቆጥር ኖሬ ቀን መቁጠር አልቻልሁም።

ከቀብር መልስ ዋርካው ሥር ሄድሁ። ደንገል ቆርጬ አምባር ጎነጎንሁ፤ ፍየል አኝካ የተፋችው ይመስላል። ውኃው ላይ አኖርሁት። ሞገዱ ወደ ዳር ይመጣ ነበር፤ አምባሩ ወደ ውስጥ ሄደ። ለዚህም ሳይንስ ይኖረው ይሆናል። አልጠየቅሁም።

እትዬ ጥሩወርቅ፣ ካረፉት ጋር ተቀምጠው ለእኛ ያጨብጭቡ፤ የእኔም ወንበር ሊነሣ ነው። ከመምጣቴ በፊት ግን ይኸን ይያዙልኝ። ያን ቀን ቆጥሬ ነበር። ሶስና ሳትኖር ዐሥራ ሦስት ነበሩ። የመጨረሻው ወንድ ልጅ ነው፤ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ፀጉሩ ርሶ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። የጎረቤት ልጅ ነው ብዬ አለፍሁት። አባትዎን ሲያገኟቸው እንዳልዋሹ አንድ የዱርቤቴ ሰው መስክሯል ይበሏቸው፤ አርባ ዓመት ዘግይቶም ቢሆን። ደሴም አልቀረም፣ እትዬ። ከሰልፉ ጫፍ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ አንጓውን ወደ ሰማይ አድርጎ ይጠብቅዎት ነበር።